ካርቡሬተር ላላቸው አሮጌ መኪናዎች ተተኪ የቤንዚን ፓምፕ አመራረጥ፦ የቮልስዋገን ቢትል ጉዳይ በቡኢ መንገድ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቡኢ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው በዚያች ከተማ በአንድ ጋራዥ የተመለከትሁት ቮልስ ነው። የቀድሞው ሜካኒካል ፓምፕ ተነሥቶ በምትኩ ከኢንጀክሽን መኪና የወጣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጥሞለት ነበር። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ቤንዚኑ ከካርቡሬተሩ ሞልቶ በጋለው ሞተር ላይ ይፈስ ጀመር። መኪናው ሳይቃጠል የቀረው ባትሪው ቶሎ በመነቀሉ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ባለቤት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። በመሆኑም ያሉት መኪናዎች ለረጅም ጊዜ መጠገናቸው አይቀርም፤ መለዋወጫውም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በገበያ ከተገኘው ነው።

ግፊት

ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚቆጣጠረው በተንሳፋፊ የሚገፋ መርፌ ቫልቭ ነው። የመርፌው መቀመጫ ቀዳዳ 1.5 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረው የቀዳዳው ወለል 1.77 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ለካርቡሬተር ተስማሚ በሆነው 0.2 ባር ግፊት ቤንዚኑ መርፌውን የሚገፋው በ0.035 ኒውተን ነው። በኢንጀክሽን ፓምፕ 3 ባር ግፊት ግን ኃይሉ 0.53 ኒውተን፣ ማለትም 15 እጥፍ ይሆናል። ተንሳፋፊው ይህን ለመቋቋም አልተሠራም። ስለዚህ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ወደ ሲሊንደር የገባውም የግድግዳውን ዘይት ያጥባል።

ፍሰት

ብዙ ገዢዎች በሰዓት ብዙ ሊትር የሚሰጠውን ፓምፕ ይመርጣሉ። ይሁንና 37 ኪሎዋት ኃይል ያለው ባለ 1600 ሲሲ ሞተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ኪሎግራም ቤንዚን ቢፈጅ፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚያስፈልገው በሰዓት 11 ኪሎግራም ወይም 15 ሊትር ገደማ ነው። በከፍታ ቦታ የሞተሩ ኃይል ስለሚቀንስ ፍላጎቱ ከዚህም ያንሳል። ችግሩ እንግዲህ የፍሰት ማነስ አይደለም።

ከፍታና ሙቀት

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በ2000 ሜትር ከፍታ ወደ 80 ይወርዳል። የሞቀ ቤንዚን የእንፋሎት ግፊት ለምሳሌ 60 ኪሎፓስካል ቢሆን፣ ፓምፑ ቤንዚኑን ሳያፈላ ሊስብበት የሚችለው ልዩነት በባሕር ወለል 41፣ በቡኢ ግን 20 ብቻ ነው። ልዩነቱ ሲያልቅ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንናል፤ ፓምፑም በፈሳሽ ፈንታ እንፋሎት ይጨምቃል። በቢትል ታንኩ ከፊት፣ ሜካኒካሉ ፓምፕ ደግሞ ከኋላ በጋለው ሞተር ላይ መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል።

የጎማው ዓይነት

በአገራችን ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር ማደባለቅ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ በ5 በመቶ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ አድጓል። ኢታኖል የቀድሞ ዘመን ጎማዎችን ያሳብጣል፤ ያደርቃልም። ለዓመታት በመደርደሪያ የቆየ «ኦሪጅናል» ፓምፕ ከመግዛት ይልቅ ዲያፍራሙና ቱቦው ኢታኖል የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ይበልጣል።

የምርጫው ቅደም ተከተል

ሜካኒካሉን በሜካኒካል መተካት የመጀመሪያው አማራጭ ነው። በቢትል ላይ ግን የገፊው ዘንግ ርዝመት ከፓምፑ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት፦ ዳይናሞ ላላቸው ሞተሮች 108፣ አልተርኔተር ላላቸው 100 ሚሊሜትር። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ከመቀመጫው 13 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማለት ይገባዋል። ከዚህ ከበለጠ ግፊቱ ይጨምራል፤ ዲያፍራሙም ይቀደዳል፤ ቤንዚኑም ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከፍታው የሚስተካከለው ከፓምፑ ሥር በሚገቡ ጋስኬቶች ብዛት ነው።

በሙቀት ምክንያት መቆሙ ከቀጠለ ዝቅተኛ ግፊት ያለው፣ ለካርቡሬተር የተሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይመረጣል። ይህም ከታንኩ አጠገብ ዝቅ ብሎ፣ ከፊቱ ማጣሪያ ተደርጎለት ይገጠማል፤ ቤንዚኑን ከሩቅ ከመሳብ ይልቅ ስለሚገፋው ትነቱ ይቀንሳል። የሜካኒካሉ ፓምፕ ቀዳዳ ዘይት እንዳያፈስ በክዳን ይዘጋል። ከሁሉ በላይ የኤሌክትሪክ መስመሩ በዘይት ግፊት ማብሪያ በኩል ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ በአደጋ ቢጠፋ እንኳ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን አያቆምም።

ማጠቃለያ

ትክክለኛው ፓምፕ ጉልበተኛው ሳይሆን መርፌ ቫልቩ የሚችለው ነው። ማንኛውም ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ መኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ግፊቱ በካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ በጌጅ ሊለካ ይገባል። በቡኢ ያየነው ቮልስ ይህ ልኬት ቢደረግለት ኖሮ ስሕተቱ ቤንዚኑ ከመፍሰሱ በፊት በታወቀ ነበር።