ቢጫ አበባ ለቆላ ግቢ፦ ከአበባው በፊት ሥሩን ይጠይቁ

ጎንደር መስከረም ሲጠባ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። በአዘዞና በአይከል አድርገው ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ ወርደው የሚኖሩ ከሆነ ግን አደይን በግቢዎ ለማብቀል ባይደክሙ ይሻላል። አደይ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ነው፤ ያውም በየዓመቱ ከዘር በቅሎ፣ አብቦ፣ በጥቂት ወራት የሚደርቅ። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን የመተማ ሜዳ ከ1000 ሜትር በታች ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። ያን ጊዜ ለመጠጥ የመጣ ጄሪካን ውኃ አበባ ላይ ሲፈስ ቤት ውስጥ ንትርክ መነሳቱ አይቀርም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርዎ። ችግኝ ሻጭ የሚያሳይዎት አበባውን ነው፤ እርስዎ ግን ስለ ሥሩ ይጠይቁ። ለቆላ የሚሆነው ውኃውን በሥሩ ወይም በቅጠሉ አስቀምጦ በጋውን የሚያልፍ፣ አንዴ ተተክሎ ዓመታት የሚቆይ ተክል ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ቢጫ ካና ነው። እንደ ዝንጅብል ያለ ወፍራም ሥር አለው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል። ውኃ ሲያጥረው ከላይ ቢደርቅም ሥሩ ከመሬት በታች ይጠብቃል፣ ዝናቡ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ገበያ ላይ ቀዩም ስላለ አበባውን ሳያዩ አይግዙ። ከዘር የበቀለ ካና ከእናቱ የተለየ ቀለም ሊያወጣ ይችላል፤ ከሥሩ ተከፍሎ የተወሰደ ግን ያንኑ ቢጫ ይሰጥዎታል። ስለዚህ ቢጫ ካና ያላት ጎረቤት ካለችዎት በሰኔ አንድ ቁራጭ ሥር ይለምኗት። በግማሽ ሜትር ርቀት ይትከሉ፤ አብቦ የጨረሰውን ግንድ ከታች ይቁረጡ። የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ካለ ወደ እሱ ይድፉት። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ይጠባበቃል፤ ያን ጊዜ ከፍለው ለሌላ ጎረቤት ያድላሉ።

ውኃ ጨርሶ ለሚያጥርበት ቦታ እሬት ይሻላል። አገራችን ውስጥ ቀይና ብርቱካናማ የሚያብቡ የእሬት ዓይነቶች ስላሉ ቢጫውን ለይተው ይጠይቁ። እሬትን የሚገድለው ከድርቁ ይልቅ ክረምቱ ነው፤ ዋልካ አፈር ውኃ ሲቋጥር ሥሩ ይበሰብሳል። ድንጋይና አሸዋ ደልድለው ከፍ አድርገው ይትከሉት።

ለቡና የሚቀነጠሰው ጤና አዳምም፣ እንስላልም አበባቸው ቢጫ ነው። ጤና አዳሙን ግን ልጆች በፀሐይ እየነካኩ እንዳይጫወቱበት፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲመታው ውኃ ያቋጥራል።

ሻጩ «ውኃ አይፈልግም፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ያብባል» ብሎ ቀጭን ረጃጅም ቅጠል ያለውና ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ዛፍ ካቀረበልዎት፣ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ አያስገቡት። አበባው እንደ ጥሩምባ ያምራል፤ ፍሬው ግን ብርቱ መርዝ ነው።