በምግብ ቤት ውስጥ እርስ በርስ ስለ መተራረም

ሰው ከቤቱ ወጥቶ በምግብ ቤት ገበታ ሲቀመጥ ጤንነቱን ለማያውቃቸው ሰዎች እጅ በአደራ መስጠቱ ነው። አሳላፊው ማስታጠቢያና ሳሙና አቅርቦ ያስታጥበዋል፤ ነገር ግን የወጥ ሠሪዪቱ እጅ መታጠቡን፣ በመክተፊያው ጣውላ ላይ ቀደም ብሎ ምን እንደ ተከተፈ፣ ወጡም ከምድጃ ከወረደ ስንት ሰዓት እንደ ሆነው እንግዳው ሊያይ አይችልም። ይህን የሚያዩት በማድ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ብቻ ናቸው። የጤና ተቈጣጣሪ ቢመጣ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ሳህን አጣቢው ግን ዘወትር አለ። እንግዲህ የምግብ ቤት ንጽሕና የመጀመሪያ ጠባቂዎች ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ያዩትን መናገር፣ የተነገረውንም መስማት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንወደው ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን እናስብ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ እንግዳ በዝቷል። ወጥ ሠሪዪቱ ለጥብስ የሚሆነውን ጥሬ ሥጋ ከከተፈች በኋላ፣ በዚያው ቢላዋና በዚያው ጣውላ ለሰላጣ የሚሆነውን ቲማቲም መቍረጥ ጀመረች። ሥጋው በእሳት ሲበስል በላዩ ያሉት የበሽታ ተሐዋስያን ይሞታሉ፤ ቲማቲሙ ግን ጥሬውን የሚበላ ስለ ሆነ ከጣውላው የተቀበለውን ሁሉ ይዞ ወደ ገበታ ይሄዳል። ሳህን የሚያጥበው ልጅ ይህን አይቷል፤ በትምህርት ቤት ተምሮታልና ጕዳቱንም ያውቃል። ነገር ግን እርሱ ከተቀጠረ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ እርሷ ደግሞ በሥራው ላይ ዐሥራ አምስት ዓመት ቈይታለች። «እኔ ማን ነኝና ነው የምናገረው?» ብሎ ዝም ይላል። በማግሥቱ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን በተቅማጥ ሲሠቃይ፣ ልጁም ወጥ ሠሪዪቱም ከቶ አይሰሙም።

ይህ ልጅ ክፉ ወይም ሰነፍ አይደለም። አፉን የዘጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ይሉኝታ፣ ታላቅን የማክበር ልማድና እንጀራዬን አጣለሁ የሚል ፍርሃት። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ ዝምታም ወርቅ ነው ይባላል። በማድ ቤት ውስጥ ግን ያዩትን አደጋ በዝምታ ማለፍ ወርቅ ሊሆን አይችልም።

የሚናገረው ሰው ድፍረት ብቻውንም ነገሩን አይፈጽመውም፤ ሰሚው የሚቀበልበት መንገድ ሊኖር ይገባል። በዓለም የጤና ታሪክ የታወቀው የሜሪ ማለን ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳል። (ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ይህች ከአየርላንድ የመጣች ሴት በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክና በአካባቢዋ በሀብታሞች ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። በ1906 ኦይስተር ቤይ በሚባል ስፍራ ባገለገለችበት ቤት ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ታመሙ። ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽሕና መሐንዲስ ነገሩን ሲመረምር ቀድሞ በሠራችባቸው በአብዛኞቹ ቤቶች ያው በሽታ ተነሥቶ እንደ ነበር ደረሰበት። እርሷ ግን ሕመሙ ሳይሰማት ተሐዋሱን በሰውነቷ ትሸከም ነበር። ሶፐር ከምትሠራበት ማድ ቤት ድረስ ሄዶ በሽታውን የምታስተላልፈው እርሷ መሆኗን እንደሚጠረጥር ነገራት፤ ለምርመራ ደም፣ ሽንትና ሰገራ እንድትሰጥም ጠየቃት። እርሷም ትልቅ የሥጋ ሹካ አንሥታ አባረረችው።

በ1907 በግድ ተይዛ ከሰው ተለይታ በደሴት ላይ እንድትኖር ተደረገ። በ1910 ሁለተኛ ወጥ ላትሠራ ቃል ገብታ ተለቀቀች። ልብስ አጣቢነት ተቀጠረች፤ ክፍያው ግን ከወጥ ሠሪነት ያነሰ ነበር። ስለዚህ ስሟን ለውጣ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ተመለሰች። በ1915 ወጥ በምትሠራበት በአንድ የወሊድ ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 2ቱ ሞቱ። እርሷም እንደ ገና ተይዛ በ1938 እስክትሞት ድረስ ተለይታ ኖረች።

ቃሏን በማፍረሷ ከበደል ነጻ አናደርጋትም። ሶፐርም የተናገረው እውነት ነበር። ነገር ግን እውነቱ የደረሳት እንደ ክስ ሆኖ ነው፤ እውነቱን ተቀብላ የምትኖርበት በቂ ደመወዝም አላገኘችም። ክስ የመሰለ እርማት ሹካ ያስነሣል፤ እንጀራ የሚያሳጣ እርማትም ያስዋሻል። ለምግብ ቤቶቻችን የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው።

ስለዚህ ለምግብ ቤት ባለቤቶች የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ ይታረም። «ዛሬ እጄን ሳልታጠብ ወደ ማድ ቤት ስገባ አይታችሁ ለምን ዝም አላችሁኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ጌታ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲናገር በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፣ የሚነቀፈው ሥራው እንጂ ሰውየው አይሁን። «አንቺ ቈሻሻ ነሽ» የሚል ቃል ጠብ እንጂ ንጽሕና አያመጣም። ልጁ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ጣውላ ጥሬ ሥጋ የነካው ነው፤ ሌላ ላምጣልዎት?» ቢል አክብሮቱን ሳያጐድል አደጋውን ያስቀራል። እርሷም «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ አምጣልኝ» ብትለው ነገ ደግሞ ይናገራል፤ ብትቈጣው ግን ሁለተኛ አይናገርም።

ሦስተኛ፣ አደጋ ያለበት ነገር ወዲያው ይነገር፤ የቀረው ሥራው ሲያበቃ ሁሉም በተሰበሰቡበት ጥቂት ደቂቃ ተወስኖለት ይነገር። ሰውን በእንግዳ ፊት ማሳፈር አይገባም።

አራተኛ፣ መመዘኛው የታወቀ ይሁን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 ያወጣቸው አምስት መመሪያዎች ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ ምግቡን በሚገባ ማብሰል፣ በተገቢው ሙቀት ማቈየት፣ ንጹሕ ውሃና ያልተበላሸ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። የበሰለ ምግብ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባል፤ ከበሰለም በኋላ ከምድጃ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቈይ። ይህ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እርማቱ የልጁ ሳይሆን የደንቡ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ታምሜያለሁ ያለ ሠራተኛ አይቀጣ። የሚያስቀምጠው ወይም የሚያስመልሰው ሰው፣ ሕመሙ ከተወውም በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ምግብ መንካት የለበትም። የዚያን ቀን ደመወዙ የሚቀርበት ከሆነ ግን ሕመሙን ይደብቃል፤ ባለቤቱም ጥቂት ብር አተርፋለሁ ሲል ደንበኞቹን ያሳምማል።

ስድስተኛ፣ የተነገረው ነገር ምን እንደ ተደረገበት ይገለጽ። ሠራተኛው ያመለከተው የተሰነጠቀ ጣውላ ሲለወጥ ቢያይ ነገሩ ከንቱ አለመቅረቱን ያውቃል።

እኛ ተመጋቢዎችም ከነቀፋ አናመልጥም። በወጡ ውስጥ ፀጕር አግኝተን፣ በይሉኝታ ሂሳባችንን ከፍለን እንወጣለን፤ ከዚያም በየደረስንበት የቤቱን ስም እናጠፋለን። ይህ ቤቱን አያርመውም፤ የሚቀጥለውንም እንግዳ አያድነውም። ባለቤቱን ለብቻው ጠርቶ በትሕትና መንገር ይሻላል።

መምህራን ሆይ፣ በምሳሌያችን የተጠቀሰው ሳህን አጣቢ ትናንት የእናንተ ተማሪ ነበር። ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋ ቲማቲም ሊነካ እንደማይገባው አስተምራችሁታል፤ ይህን ለታላቁ በአክብሮት እንዴት እንደሚናገር ግን አልተለማመደም። በክፍላችሁ ውስጥ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ሥራ በጨዋ ቃል እንዲያርም፣ የታረመውም እንዲያመሰግን ብታለማምዷቸው፣ እናንተም በጥቍር ሰሌዳ ላይ የተሳሳታችሁትን ሲያመለክቷችሁ በደስታ ብትቀበሉ፣ ነገ በየማድ ቤቱ የሚናገርና የሚሰማ ሠራተኛ ይገኛል ብለን እናምናለን።