ከኬላ እስከ ደረሰኝ፤ የውጭ አገር ነጂና የትራፊክ ፖሊስ በጐንደር መንገድ

«እንግዳ ማክበር የአገራችን ጠባይ ነው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። «ሕግ ዘመድም ባዕድም አያውቅም» ሲባልም እንዲሁ ሰምተናል። እነዚህ ሁለት አባባሎች በቤትና በትምህርት ቤት ሳሉ ተስማምተው ይኖራሉ። ነገር ግን ከአዘዞ ወደ ጐንደር ከተማ በሚያስገባው መንገድ ዳር አንድ የትራፊክ ፖሊስ እጁን አንሥቶ የውጭ አገር ሰው የሚነዳውን መኪና ባቆመ ጊዜ ሁለቱ አባባሎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ፖሊሱ እንግዳውን ያክብር ወይስ ሕጉን ያስከብር? ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ይኸንኑ ነው። አሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፥ ሕጉን በትክክል የፈጸመ ሰው እንግዳውንም አክብሮታል እንላለን።

ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ሆኖም አንድ የውጭ አገር ሰው የመንግሥታችንን አሠራር መጀመሪያ የሚያውቀው በትላልቅ መሥሪያ ቤቶች አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ በአስፋልት ዳር በአንድ ወጣት ፖሊስ ፊት ነው። በዚያው መንገድ በእግሩ የሚሄደው የዳባት ገበሬም ይኸንኑ ትዕይንት ቆሞ ይመለከታል። ሕጉ በእርሱ ላይ እንደሚፈጸመው ሁሉ በባለ ትልቁ መኪና ላይም ይፈጸም እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋልና።

የጥንቱ ኬላ

መንገደኛን አቁሞ መጠየቅ ለጐንደር አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ. ም. ከተማቸውን በዚያ ከቆረቆሩ ወዲህ ጐንደር የብዙ የንግድ መንገዶች መገናኛ ሆና ኖራለች። አንደኛው መንገድ ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ አልፎ ሊማሊሞን ይወጣል፤ ሌላው ከስናር በመተማ በኩል ይመጣል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ኬላዎች ነበሩ። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ. ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጐንደር ሲገባ የኬላ ሹማምንት ፊት መቅረብ ነበረበት፤ ይኸንንም በጉዞ መጽሐፉ ጽፎታል።

የጥንቱ ኬላ ጠባይ ምን ነበር? በኬላው የተሾመው ሰው ከሚሰበስበው ቀረጥ የራሱንም መተዳደሪያ ያገኝ ነበር። መንገደኛው የሚከፍለው እንደ ጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን እንደ ማንነቱና ከማን ዘንድ ደብዳቤ እንደ ያዘ ጭምር ነበር። የትልቅ ሰው ደብዳቤ የያዘ ያልፋል፤ ያልያዘ ይቆማል፤ ይደራደራል። ይኸ በዘመኑ የታወቀ ሥርዓት ስለ ነበረ ዛሬ ተነሥተን የምንወቅሰው አይደለም። ነገር ግን የትራፊክ ቍጥጥር ከኬላ የሚለየው በምን እንደ ሆነ ለመረዳት ይጠቅመናል።

ባዕድ ነጂና የጐንደር መንገድ

በአገራችን መኪና መንዳት የተጀመረው በውጭ አገር ሰው እጅ ነው። ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ. ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የጐንደርን አውራ ጎዳና በመኪና ያጥለቀለቁት ደግሞ በ1928 ዓ. ም. የገቡት ኢጣሊያኖች ናቸው። ከአሥመራ ተነሥቶ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ደባርቅን አልፎ ጐንደር የሚገባው መንገድ በእነርሱ ዘመን ተሠራ፤ ጦራቸውም በዚያው አካባቢ እስከ ኅዳር 1934 ዓ. ም. ተከላክሎ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ የመጡት ባዕዳን ነጂዎች የጦር ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በ1947 ዓ. ም. የጐንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞችና አስተማሪዎች በከተማይቱ ተቀመጡ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ሲቋቋም የመጀመሪያው ጠባቂ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ፓርኩ በ1962 ዓ. ም. በሕግ ታወቀ፤ በ1978 (እ. ኤ. አ.) ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ ወዲያ የሚጐበኘውና የሚያጠናው ባዕድ በዛ።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የየአገራቸውን የመንዳት ልማድ ይዘው ነው የመጡት። ለምሳሌ ያህል አንድ ነገር እናስታውስ። ኢትዮጵያ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ. ም. ነው። ጎረቤታችን ሱዳን ግን በግራ መንዳቷን ቀጥላ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1965 ዓ. ም. ነው። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ለሚያህል ጊዜ መተማ ላይ ድንበር የሚሻገር ነጂ ሁሉ አሳቡንም መሪውንም በአንድ ጊዜ ማዞር ነበረበት ማለት ነው። የአገሩን ደንብ ለባዕድ ማስታወስ ሰውን ማንገላታት ሳይሆን ነፍስ ማዳን መሆኑን ይኸ ብቻ ያስረዳል።

ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም የራሱ ፈተና አለው። በክረምት ጉም ይወርዳል። በገበያ ቀን ሰውም አህያም በግም በአንድነት መንገዱን ይይዛሉ። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የሊማሊሞ ቍልቍለት ደግሞ በፍሬን ብቻ የሚተማመነውን ነጂ ይቀጣል፤ በከባድ ማርሽ መውረድን ያላወቀ ሰው ፍሬኑን አግሎ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 (እ. ኤ. አ.) ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው ውስጥ 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ፖሊሱ እጁን የሚያነሣው ለዚህ ነው።

ነጂው ምን ይጠየቃል?

የተያዘ ነጂ ሁሉ፥ የአገር ልጅም ሆነ ባዕድ፥ መንጃ ፈቃዱን፥ የመኪናውን ሊብሬ፥ የዓመቱን ምርመራ የሚያሳየውን ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል። በአገራችን ለመኖር የመጣ ሰው ያገሩን መንጃ ፈቃድ በኤምባሲውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አረጋግጦ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ማስለወጥ አለበት። ብዙ እንግዶች ይኸን ነገር ከአንድ ወር ወደ አንድ ወር ሲያሳድሩት ይኖሩና መንገድ ላይ ይያዛሉ፤ ከዚያም «ፈረንጅ ስለ ሆንሁ ነው ያስቆሙኝ» ይላሉ።

በእርግጥ አንዳንዱ ጭቅጭቅ ከክፋት ሳይሆን ከቀን አቈጣጠር የሚመጣ ነው። የእኛ ዘመን ከእነርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። አሜሪካዊው ወርን አስቀድሞ ቀንን አስከትሎ ይጽፋል፤ እንግሊዛዊው ይኸን ገልብጦ ይጽፋል። ስለዚህ በፈቃዱ ላይ «03/04» የሚል ቢገኝ ሚያዝያ 3 ነው ወይስ መጋቢት 4 ነው? ያውም በየትኛው አቈጣጠር? የክሱ ወረቀት በአማርኛ ይጻፋል። በላዩ «ከጧቱ 3 ሰዓት» ቢባል እንግዳው ሌሊት ነው ብሎ ያስባል። አስተዋይ ፖሊስ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር ቢነግረው፥ የጥፋቱንም ዓይነት በጣቱ ቢያሳየው፥ ከጠቡ ግማሹ እዚያው ይቀራል።

ቅጣቱ ራሱ በፖሊሱ ፈቃድ የሚወሰን አይደለም። በ2003 ዓ. ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቈጣጠሪያ ደንብ ቍጥር 208 ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የገንዘብ መቀጫ አስቀመጠ፤ በተደጋጋሚ የሚያጠፋውም ነጥብ እየተያዘበት መንጃ ፈቃዱን እስከ መነጠቅ እንዲደርስ አደረገ። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም። ፖሊሱ የክስ ወረቀት ጽፎ መንጃ ፈቃዱን ይይዛል፤ ነጂው በተወሰነው ቦታ ከፍሎ ደረሰኙን ያቀርባል፤ ፈቃዱንም ይቀበላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ ከነጂው እጅ ወደ ፖሊሱ እጅ አያልፍም። የጥንቱን ኬላ ከዛሬው ቍጥጥር የሚለየው ይኸ ነው። በኬላው የተከፈለው ከፊሉ የሹሙ ነበር፤ በደረሰኝ የተከፈለው ግን ሁሉም የሕዝብ ነው።

አደጋ ከደረሰም ኀላፊነቱ ከትራፊክ መቀጫ ይከብዳል። የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ መሆናቸውን ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ ባዕድ ነጂ «ይኸ የእናንተ ልማድ ነው» ብሎ ቢከራከር፥ ሕጉን ያረቀቀውም ባዕድ መሆኑን መንገር ይቻላል።

የዲፕሎማት ታርጋ

«ዲፕሎማትስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ1961 (እ. ኤ. አ.) የቪየና ስምምነት መሠረት ዲፕሎማት አይታሰርም፤ አይያዝም። ነገር ግን ያው ስምምነት በአንቀጽ 41 ይኸ መብት ያላቸው ሁሉ የተቀበላቸውን አገር ሕግና ደንብ የማክበር ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች ያለመከሰስ መብት ደግሞ ለአብዛኞቹ በሥራቸው ተግባር የተወሰነ ነው። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ መሆን ብቻውን እንዲህ ያለውን መብት አያስገኝም። የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 4፥ በዓለም አቀፍ ሕግና በሕገ መንግሥት ከተፈቀደው ልዩ መብት በቀር፥ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ያረጋግጣል።

ይኸ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ወደ ኒው ዮርክ እንሻገር። በዚያች ከተማ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ የሚሠሩ ዲፕሎማቶች ከ1997 እስከ 2002 (እ. ኤ. አ.) ድረስ ከ150,000 የበለጠ ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት አከማችተው ነበር፤ ዕዳውም ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሬይመንድ ፊስማንና ኤድዋርድ ሚገል የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይኸን መርምረው ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛ፥ ጉቦ እምብዛም ከማይታወቅባቸው አገሮች የመጡት ዲፕሎማቶች የሚያስገድዳቸው ሳይኖር እንኳ ብዙም አላጠፉም። ሁለተኛ፥ በ2002 (እ. ኤ. አ.) ከተማይቱ ቅጣት ያልከፈለውን ሰው የዲፕሎማት ታርጋ እንድትነጥቅ በተፈቀደላት ጊዜ ጥፋቱ ከመቶ 98 ያህል ቀነሰ። ታርጋ መፍታት በእኛ ዘንድ የትራፊክ ፖሊስ የቆየ መሣሪያ ነው። ለካስ የታላቂቱም ከተማ መድኀኒት ከአንድ ካቻቪቴ የራቀ አልነበረም!

ሁለቱ ጥፋቶች

በመንገድ ዳር ሁለት ዓይነት ጥፋት ይፈጸማል። አንደኛው ይሉኝታ ነው። ፖሊሱ መኪናውን ካቆመ በኋላ እንግዳውን አይቶ ያፍርና «ይለፉ፥ ጌታዬ፤ እንግዳ ነዎት» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የባጃጅ ነጂ ግን በዚያው ጥፋት ይከሰዋል። ይኸ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ለባጃጁ ነጂ ሕጉ ለደኻ ብቻ እንደ ተጻፈ ያስተምረዋል። ለእንግዳውም ቢሆን አልጠቀመም፤ የዛሬውን ጥፋት ነገ በሊማሊሞ ላይ ይደግመዋልና።

ሁለተኛው ጥፋት የዚህ ግልባጭ ነው። እንግዳው ገንዘብ አለው ተብሎ ያለ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ ወይም እንግዳው ራሱ ቸኩሎ ብር አጣጥፎ በመንጃ ፈቃዱ ውስጥ ያቀርባል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቍጥር 881/2007 ተቀባዩንም ሰጪውንም ይቀጣል። «በአገሩ ልማድ ነው ብለው ነግረውኝ ነው» የሚል እንግዳ፥ በገዛ አገሩ ፖሊስ ፊት እንዲህ ያደርግ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛም አለ፤ እርሱም ስልክ ነው። እንግዳው በቢሮ ለተቀመጠ ወዳጁ ይደውላል፤ ወዳጁም ለፖሊሱ አለቃ ይደውላል፤ «ልቀቁት» ይባላል። ይኸ የጥንቱ የትልቅ ሰው ደብዳቤ ነው፤ በፈረስ ይላክ የነበረው አሁን በስልክ መምጣቱ ብቻ ነው ልዩነቱ። በዚህ ጋዜጣ አንባቢነት ከሚታወቁት ወጣት ሹማምንት መካከል እንዲህ ያለው ስልክ አንድ ቀን የማይደውልለት ጥቂት ነው።

የዛሬው መንገድ

በአሁኑ ጊዜ በሰሜን ጐንደር መንገዶች ላይ መኪና የሚነዳ የውጭ አገር ሰው እንደ ቀድሞው አይበዛም። በ2013 ዓ. ም. የተጀመረው ጦርነት እስከ ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ. ም. ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ጉዞን አስቸጋሪ አደረገ። ብዙ ኤምባሲዎችም ዜጎቻቸው ወደዚያ እንዳይሄዱ ይመክራሉ። በመንገድ ዳር የሚደረገው ማቆምም ብዙ ጊዜ ለጸጥታ ፍተሻ ነው። ይኸ ከትራፊክ ቍጥጥር የተለየ መሆኑን ሁሉም ሊያውቅ ይገባል፤ ፍተሻ መቀጫ የሚከፈልበት ቦታ አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኬላ ተመልሶ ይመጣል።

ሰላም ሲጸና ግን ጐብኚውም ሐኪሙም አስተማሪውም ወደ ፋሲል ከተማና ወደ ሰሜን ተራሮች መመለሳቸው አይቀርም። ያን ጊዜ በአዘዞ መንገድ ዳር የሚቆመው ወጣት ፖሊስ ሰላምታ ሰጥቶ፥ ጥፋቱን አስረድቶ፥ የክሱን ወረቀት ጽፎ ቢሰጠው እንግዳው በዕለቱ ይናደድ ይሆናል። አገሩ ሲመለስ ግን «በጐንደር ተቀጥቻለሁ፤ ደረሰኝም ተሰጥቶኛል» ብሎ ይናገራል። በቢሮ ያለው ወጣት ሹምም ስልኩ ሲደወልለት «ወዳጄ፥ ከፍለው ፈቃድዎን ይቀበሉ» ብሎ ይመልስ። ከዚህ የተሻለ የእንግዳ አቀባበል እኛ አናውቅም።