የአሮጌዋ ቮልስ ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር?

በየሰፈሩ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ ያለችበት ግቢ አይጠፋም። አባት ሊሸጧት አይፈልጉም፤ ልጆች ቦታ ያዘችብን ይላሉ፤ የልጅ ልጆች መሪዋን ይዘው ይጫወታሉ። የእኛ በፈረንጆች የ1968 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ናት። ባለቤቴ የገዛት በ1975 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ስለነበር፣ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ይህችን መኪና ሲያይ ብዙ ነገር ትዝ ይለዋል።

ዘንድሮ ጭስ አበዛች፤ ጉልበቷም ደከመ። ባለቤቴ «ሞተሯ ወርዶ ይታደስ» አለ። አሜሪካ ያለው ልጃችን ደግሞ «እማዬ፣ በአሮጌ ሞተር ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። ያገለገለ 1600 ሞተር ፈልጉና አስገጥሙ፤ ብሩን እኔ እልካለሁ» አለ። ሁለቱንም ልጆቼን ከወለድኩበት ሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችን እሷ ናት። ይሁን እንጂ ትዝታ ሞተር አያስነሳም፤ በጡረታ ገንዘብ የሚኖር ቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል አይችልም።

ነርስ ሆኜ ነው የኖርኩት። ማንም ሰው ሳይመረመር ቀዶ ሕክምና አይገባም፤ እሷም መጀመሪያ ትመርመር አልኩ። መካኒካችን ሳቁና «ሲስተር፣ የደም ግፊቷን እንለካላት?» አሉኝ። የሚለካውስ ግፊት አይደለም እንዴ!

አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ መለኪያው በየተራ እየተገጠመ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለአዲስ አበባ አየር የተጻፈ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። «ከመጽሐፉ በታች ነው፣ ሞቷል» ብሎ የሚፈርድ መካኒክ ካጋጠማችሁ አትቸኩሉ። የሚፈለገው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው።

የእኛዋ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ተቀራረቡ፤ ሦስተኛው ግን የእነሱን ግማሽ እንኳን አልሞላም። በዚያ ዘመን ቮልሶች ሦስተኛው ሲሊንደር የታወቀ በሽተኛ ነው። ቮልስ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዝቅዛት ማራገቢያው የሚነፋው አየርና ዘይቷ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የጭስ ማስወጫ ቫልቩም ይቃጠላል። መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሲነፉበት ጆሮዬን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጋሁ። እንደ አስም በሽተኛ ደረት ያፏጫል። ቫልቩ ነው።

ቫልቭ ይቀየራል፤ ቴስታታም ይሠራል። ፒስተንና ሲሊንደሯም አንድ በአንድ ተነቅለው በአዲስ ይተካሉ። ውሳኔው ያለው ሞተሩን አቅፎ በያዘው ብሎክ ላይ ነው። ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራና ሁለት ግማሽ ሆኖ የተገጠመ ነው። በሙቀትና በዘመን ብዛት የኩሽኔታው መቀመጫ ይሰፋል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከኋላ ፋንቤልቱ የሚዞርበትን መዘውር ይዞ መሳብና መግፋት። ትክክለኛው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መፈታት አለበት። በእጅ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» ካለማ መለኪያም አያስፈልግም። የእኛዋ 0.12 ሆነ። ሲፈታም ብሎኩ ስንጥቅ አልተገኘበትም።

ብሎኩ ተሰንጥቆ ወይም መቀመጫው ላልቶ ቢሆን ኖሮ ከልጄ ጋር ቆሜ ባለቤቴን እከራከር ነበር። አሁን ግን ያገለገለ ሞተር መግዛት ያልተመረመረ ሌላ በሽተኛ ገዝቶ ማስገባት ነው። ሶማሌ ተራ መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ድምፁ አይሰማም። ግድ ሆኖባችሁ የምትገዙ ከሆነ መዘውሩን እዚያው ሳባችሁ እዩ፤ የጉምሩክ ወረቀቱንም ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏልና ዛሬ የረከሰው ኋላ ደጅ ያስጠናል። 1600ው ጉልበት እንዳለው አልክድም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ይታወቃል። ግን ፍሬኗም ለዚያ ጉልበት መታየት አለበት፤ የሰባ ዓመቱ ባለቤቴም ከቤተ ክርስቲያንና ከቅዳሜ ገበያ አልፎ አይሄድም።

ስለዚህ የራሷ ሞተር ይታደሳል። ከዚያ በኋላ ዘይቷን እኔ እከታተላለሁ። የምትይዘው 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከወንፊት በቀር ማጣሪያም የላትም። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ በእኛ አቧራ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ።

ልጃችን ለገና ሲመጣ 77 ሚሊ ሜትሩን ፒስተን ከነሲሊንደሩ በሻንጣ ያመጣል። ክብደቱን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ በርበሬውና ሽሮው?» አለኝ። እሱማ ስትመለስ ነው የምትወስደው፣ አልኩት።