የወጥ ቤቱ ሶኬት ሲሞት ሒሳቡ የማን ነው?

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። በአራዳ በቀሩት አሮጌ ቤቶች ግን ዛሬም ደላላው ለተከራይ የሚያሳየው ክፍሉን፣ ውኃውንና የግቢውን በር ነው። ሽቦውን የሚያይ የለም። ምጣድ ተሰክቶ የወጥ ቤቱ ሶኬት ፀጥ ሲል አከራዩ «አቃጠላችሁት» ይላል፤ ተከራዩ «ስንገባም አይሠራም ነበር» ይላል።

የነገሩ ሥር ሒሳብ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። የተለመደው ሶኬት አቅም እዚያው ላይ ያበቃል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት ምድጃ ሲጨመር 25 አምፔር ይደርሳል። ለአንድ ቤተሰብ ተሠርተው ኋላ ለብዙ አባወራ በተከፋፈሉ ቤቶች ደግሞ ሽቦው ከክፍል ክፍል እየተቀጠለ የሄደ ነው።

ስለዚህ ሶኬት ከመግዛት በፊት ምርመራ ይቅደም። ቤቱ ሁሉ ከጨለመ ጉዳዩ የመስመር፣ የዋናው ብሬከር ወይም የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ ማለቅ ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤቱ ብቻ ከሆነ ዕቃው ሁሉ ተነቅሎ የወደቀው ብሬከር አንድ ጊዜ ይነሣ። ያለ ዕቃ ደግሞ ከወደቀ በሽቦው ውስጥ ኮንታክት አለ፤ ደጋግሞ ማንሣት እሳት መጥራት ነው። ዕቃ ሲሰካ ብቻ ከወደቀ ሰበቡ ዕቃው ወይም ጭነቱ ነው። ብሬከሩ ሳይወድቅ ሶኬቱ ከሞተ፣ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለው ሶኬት ብሎን ላልቶ ወይም ተቃጥሎ ነው፤ አንዱ ሲቋረጥ ተከታዮቹ አብረው ይሞታሉ። ቴስተር በርቶ ዕቃው ካልሠራ ኒውትራሉ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ያ «የሞተ» ሶኬት ሰው ይይዛል። ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው።

ሒሳቡስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመሠረቱ ቤቱን በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ የሚጥለው በአከራዩ ላይ ነው፤ ጥቃቅን ጥገና ለተከራዩ ሊተው ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲያው የሶኬቶቹ ብዛትና ሁኔታ በውሉ ላይ ቢሠፍር ክርክሩ ከመነሻው ይዘጋል።

ለአከራይ አዋጩ መንገድ ለምጣዱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር መዘርጋት ነው። በጭቃና በእንጨት ግድግዳ ውስጥ የጋለ ሽቦ የሚያስከትለው ኪሳራ የሶኬት ዋጋ አይደለም፤ የቤቱ ዋጋ ነው።