ስለ እውነተኛ ጥበበኛና ጥበብን አይቶ ስለ ማወቅ



ጥበብን ማየትና ጥበብን ማወቅ ሁለት ነገር ነው። ዐይን ያለው ሁሉ ሥዕልን ያያል፤ የሚያውቀው ግን የሠሪውን አሳብና ድካም መርምሮ የሚያስተውል ነው። ይህንንም የቅኔ ቤት ትምህርት ያስረዳናል። ቅኔ ሲሰጥ የቆመ ሁሉ ሰሙን ይሰማል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን ታግሦ የሚፈታው ነው። ባለቅኔውም ሥርዐቱን ከመምህሩ ይቀበላል፤ ምሥጢሩን ግን ከራሱ ያፈልቃል፤ ትናንት የሰጠውን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው አይመሰገንም። እንግዲህ እውነተኛ ጥበበኛ የሚባለው የአባቶቹን ሥርዐት ጠንቅቆ ተምሮ በተማረው ላይ የራሱን ፍሬ የሚጨምር ሰው ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ነው። እርሱም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ሲሆን፥ በጣና ሐይቅ ውስጥ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የእመቤታችንን ሥዕል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሥሎ ስሙን ጽፎበታል። ስማቸውን ሳይጽፉ ያለፉ ሠዓልያን ግን ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱን የምናውቃቸው በሥራቸው ብቻ ነው። ስሙን የጻፈውም ያልጻፈውም እንጨቱን ሲያለሰልስ፥ ነጭ ልባስ ሲቀባ፥ ቀለሙን ሲፈጭና ሲያዋሕድ ብዙ ቀን ደክሟል። ይህ ድካም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ለማንም አይታይም። እውነተኛ ጥበበኛ ግን ሰው በማያየው በዚህ ሥራ ላይ አያታልልም።

ተመልካቹም የበኩሉ ድካም አለበት። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ጻድቃንን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዐይን ይሥላሉ፤ ሰይጣንንና ክፉዎችን ግን ብዙ ጊዜ በጐን በአንድ ዐይን ያሳያሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «ሠዓሊው መሣል አልቻለም» ብሎ ይፈርዳል፤ ለሚያውቅ ግን ሥዕሉ እንደ መጽሐፍ ይነበብለታል። እንዲሁም በጐንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተሥለዋል። ቸኩሎ የሚወጣ ሰው ጌጥ ብቻ ይመስለዋል። ከሥራቸው ጥቂት የቆመ ግን፥ የሚጸልይ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ የሚነግሩት ይመስለዋል።

እኔ ራሴ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የግድግዳውን አሮጌ ሥዕል ጢስ ስላጠቆረው፥ የአጥቢያው ሰዎች «እናድሰው» ብለው ገንዘብ አዋጥተው በላዩ አዲስ ቀለም አስቀብተውበታል። የቀድሞው ሠዓሊ እጅ ፈጽሞ ጠፋ። ሰዎቹ ክፉ አሳብ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ምን እንደ ነበራቸው አላወቁም። ሰውም ያላወቀውን ነገር ሊጠብቅ አይችልም።

ደግሞም ጥበብ በሥዕል ብቻ የተወሰነ አይምሰለን። የሸማኔው ጥለት፥ የሸክላ ሠሪዋ ጀበና፥ የቁም ጸሐፊው ብራና፥ የቀጥቃጩ ማረሻ ሁሉ ጥበብ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከልባችን ገና ጨርሶ አልወጣም። በጀበናዋ ቡና እየጠጣ ሠሪዋን የሚንቅ ሰው ጥበብን ያከብራል ሊባል አይችልም። ስድብ የሰለቸው ባለሙያ ልጁን ሙያውን አያስተምረውምና፥ ሙያውም ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ልጆቹን በአቅራቢያችሁ ወዳለው የቆየ ሥራ ውሰዷቸው፤ ነገሩን የሚያውቅ ሽማግሌም ይከተላችሁ። ልጆቹ ዝም ብለው ጥቂት ይመልከቱ፤ ከዚያም «ይህ ምንድር ነው? ከምን ተሠራ? ሠሪው ምን ሊነግረን ፈለገ?» ተብለው ይጠየቁ። ሽማግሌዎች ሆይ፥ አሮጌ ሥዕል ወይም መጽሐፍ ሲታደስ ወይም ሲሸጥ ብታዩ፥ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ እጅ እንዳይነካው አድርጉ። በትምህርት ቤታችሁም የሸክላ ሠሪ ወይም የሸማኔ ልጅ ቢኖር፥ የወላጁን ሙያ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስረዳ፤ ሌሎቹም ተነሥተው ይስሙት።