ወጣት ነጂና ወጣት ተሳፋሪ

ከኢሲኦሎ ተነሥቶ በማርሳቢትና በቱርቢ በኩል ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስቀድሞ የአቧራና የድንጋይ መንገድ እንደ ነበረ፥ ከዋልዳና ከሶሎሎ ወደ ከተማችን የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ያን ጊዜ ነጂውን በዝግታ እንዲሄድ የሚያስገድደው ጉድጓዱ ራሱ ነበር። መንገዱ ክፍል በክፍል ተሠርቶ አስፋልቱ ሞያሌ ከገባ ወዲህ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የነጂው አሳብ ሆኗል። የነጂው ዕድሜ ለጋ ሲሆን ወላጅ ቢሰጋ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚገድላቸው የመንገድ አደጋ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋልና።

ብዙ ጊዜ ወላጅ የሚጠይቀው «ነጂው ማን ነው?» ብሎ ነው። «አብረውት የሚሳፈሩት ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። በአሜሪካ ትሪፕል ኤ የተባለው የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት ይህን በቍጥር አሳይቷል። የ16 ወይም የ17 ዓመት ነጂ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ሲያሳፍር፥ ብቻውን ከሚነዳበት ጊዜ ይልቅ የመሞቱ አደጋ በ44 በመቶ ይጨምራል፤ ሁለት ሲያሳፍር እጥፍ፥ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲያሳፍር አራት እጥፍ ይሆናል። ዕድሜው 35 ዓመት የሞላው ሰው አብሮት ሲቀመጥ ግን አደጋው በ62 በመቶ ይቀንሳል። ወጣት በእኩዮቹ ፊት ፈሪ መባልን ይጠላልና ነገሩ ግልጽ ነው። ኒው ዚላንድ ይህን በማሰብ እ.ኤ.አ. በ1987 መንጃ ፈቃድን በደረጃ የሚሰጥ ሕግ አውጥታ፥ አዲስ ነጂ ያለ ተቆጣጣሪ ሰው እንዳያሳፍር፥ ሌሊትም እንዳይነዳ ከልክላለች።

በእኛ ከተማ ግን ልጆች በብዛት የሚሳፈሩት በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ነው። ሦስት ተማሪዎች ከአንድ ወጣት ነጂ ኋላ ተደርድረው ሲሄዱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ኪራዩን ስለሚካፈሉት ይረክስላቸዋል፤ ሕጉን ያሸነፈውም ይኸው ርካሽነት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የኬንያ የትራፊክ ሕግ ግን ሞተር ብስክሌት ከአንድ ሰው በላይ እንዳያሳፍር፥ የሚሳፈረውም የራስ ቁርና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ እንዲለብስ ያዝዛል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲበዛ የፊት ጎማው ይቀልላል፥ መሪው አይታዘዝም፥ ፍሬን ቢያዝም ሞተሩ ቶሎ አይቆምም። ልምድ የሌለው ነጂ ይህን የሚያውቀው ፍየል ድንገት መንገድ ሲገባበት ነው።

በዚህ ላይ የድንበሩ ጉዳይ አለ። በኬንያ በግራ፥ በኢትዮጵያ በቀኝ ይነዳል (ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር)። በሁለቱ ሞያሌ መካከል የሚመላለስ አዲስ ነጂ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልማዱን መገልበጥ አለበት። የሚሳሳተውም መኪና በበዛበት ሰዓት ሳይሆን መንገዱ ባዶ ሲሆንና ሲታጠፍ ነው። ሌሊት ደግሞ ግመል አለ፤ እግሩ ቀጭን፥ ገላው ከዝቅተኛው መብራት በላይ ስለ ሆነ ቶሎ አይታይም፤ ሲመታም በመስተዋቱ ላይ ይወድቃል።

የሥራ ኀላፊዎች ቍጥጥሩን በአውራ ጎዳናው ላይ ብቻ ሳይወስኑ ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት በየበሩ ቢያደርጉት የበለጠ ይጠቅማል። መኪና ለመንዳት 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ስለ ሆነ ወላጅም ልጁን ለጎረቤት ወጣት ነጂ ከመስጠቱ በፊት መንጃ ፈቃዱን አሳየኝ ቢል ነውር የለበትም። ለልጁም ለብቻው የሚሳፈርበትን ኪራይ ይስጠው፤ ሲመሽበትና ነጂው ደስ ሳይለው ሲቀር በማናቸውም ሰዓት ስልክ ቢደውል እንደማይቈጡት አስቀድሞ ይንገረው።